የእናቴን ጽጌረዳዎች ላተረፉልኝ አትክልተኛ

አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ የምትኖሩ፣ ደጃፋችሁ ላይ አበባ ያላችሁ ሰዎች፣ አንድ አትክልተኛ ልጠቁማችሁ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ «ጋሼ» እላቸዋለሁ። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣለሁ።

እናቴ ስታርፍ ስድስት ማሰሮ ጽጌረዳ ትታልኝ ነበር። ከጥር ጀምሮ የቅጠሎቹ ጠርዝ እሳት እንደላሰው ሆነ። ማዳበሪያ የገዛሁበት ሱቅ «ዩሪያ ጨምሪበት» አለኝ። ጨመርኩ፤ ባሰበት። በመጋቢት አንዱ ጨርሶ ደረቀና ተቀምጬ አለቀስኩ።

ጋሼ ሲመጡ ተንበርክከው የአፈሩን ፊት በጥፍራቸው ፋቁና ነጭ ቅርፊት አሳዩኝ። «ጨው ነው ልጄ። ሥሩ ውሃ መጠጣት አቅቶታል» አሉ። ጨው ያሉት የማዳበሪያውን ትራፊ ነው፤ ዩሪያ ከመቶው 46 እጅ ናይትሮጅን የተባለው የተክል ምግብ ነው። ለማሳ የሚሰፈረውን እኔ በሾርባ ማንኪያ አንድ ማሰሮ ላይ እደፋው ነበር። እያንዳንዱን ማሰሮ ከሥሩ እስኪፈስ ድረስ ሦስት ጊዜ ቀስ አድርገው አጠጡ፤ ቀጥለው በደንብ የበሰለ ብስባሽ ጨመሩ። በየማሰሮው ዳርም ባቄላ ዘሩ።

ከወር ተኩል በኋላ አንዱን ባቄላ ነቅለው ሥሩ ላይ የተደረደሩ እብጠቶችን አሳዩኝ። አንዷን ሰነጠቋት፤ ውስጧ እንደ ሕፃን ድድ ቀላ ያለ ነው። ራይዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ እዚያ ተቀምጦ የአየሩን ናይትሮጅን ለባቄላው ምግብ ያደርግለታል፤ ቅላቱ ሥራ ላይ መሆኑን ያሳያል። ባቄላውን ቆራርጠው መልሰው አፈሩ ውስጥ ቀበሩት። ጽጌረዳ እንዲህ ያለ እብጠት አታወጣም። በእሷ ሥር ዙሪያ የሚኖሩት እንደ ባሲለስ ያሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ቀዩ አፈራችን ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር አጣብቆ የያዘውን ፎስፈረስ የተባለ ሌላ ምግቧን በሚያመነጩት አሲድ ያስለቅቁላታል። ብስባሹ የእነሱ ቀለብ ነው።

ያከበርኳቸው ግን ከሁሉ በላይ በሐቀኝነታቸው ነው። የሁለቱን ማሰሮዎች አፈር የዛቅሁት ከአሮጌው የብረት በራችን ሥር ነበር፤ ጋሼ ውስጡ የረገፈ አረንጓዴ ቀለም አገኙ። የድሮ ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖረው ይችላል። «ታዲያ ባክቴሪያው አያጸዳውም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ብስባሽ ይበላል እንጂ እርሳስ አይበላም» አሉ። እርሳስ አይበሰብስም፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ቢበዛ ሥሩ በቀላሉ እንዳይወስደው አስረው ይይዙታል እንጂ ከአፈሩ አይወጣም። የፎስፌት ማዳበሪያም ከተሠራበት ድንጋይ ካድሚየም የተባለ ሌላ መርዛማ ማዕድን ይዞ ሊመጣ እንደሚችል የሰማሁት ከእሳቸው ነው። ጽጌረዳውን ማንም አይበላውም። ከሁለቱ በአንደኛው ግን ጤና አዳም ነበረኝ፤ በየቀኑ ቡናዬ ውስጥ የማደርገው! በዚያው ቀን ነቅለው ጣሉልኝና በአዲስ ሸክላ፣ በንጹሕ አፈር ሌላ ተከሉልኝ። ተአምር ይሠራል የሚባል ጠርሙስ ሊሸጡልኝ አልሞከሩም። የተቀበሉኝ የቀን ሥራቸውንና የብስባሹን ዋጋ ብቻ ነው።

አምስቱም ጽጌረዳዎች አብበዋል። ባለፈው እሑድ የእናቴ ሙት ዓመት ነበር፤ ከራሷ ማሰሮዎች ቆርጬ መቃብሯ ላይ አኖርኩላት። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።