ሸክላ ወይስ ፖርስሊን?

ደብረ ብርሃን ላይ ጀበናና ስኒ የምሠራበት ትንሽ ስቱዲዮ ልክፈት የሚል ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ ይሄ ነው።

ወጪ ከሆነ ክርክሩ ቶሎ ያልቃል። የሸክላው አፈር ከቅርብ ይቆፈራል፣ ማቃጠያው ኩበትና እንጨት ነው። ፖርስሊን፣ ያ ነጩ የስኒ ዓይነት ዕቃ፣ ግን ካኦሊን የሚባል ነጭ አፈር፣ ፌልድስፓርና ሲሊካ የሚባሉ ማዕድናት ይፈልጋል። ምድጃውም 1300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መድረስ አለበት። ሜዳ ላይ የሚነድ እሳት አብዛኛውን ጊዜ 1000 እንኳ አይሞላም።

ሸክላ ሠሪዋ አፈሩ ውስጥ የተፈጨ ገል ትጨምራለች። ጀበና እሳት ላይ ተጥዶ እንዲችል የሚረዳው አንዱ ይሄ ነው። ፖርስሊን ከሰል ላይ ጣዱ እስቲ! ጧ ሲል ትሰሙታላችሁ። የፖርስሊን ጭቃም አመለኛ ነው። በሚሽከረከረው የሸክላ መሥሪያ መንኮራኩር ላይ ውኃ ከበዛበት ይልፈሰፈሳል። ደርቆ እስኪቃጠል ደግሞ ከ10 በመቶ በላይ ይጠባል።

ፖርስሊን የሚያሸንፈው በግሌዝ ነው፤ ግሌዝ ማለት ዕቃው ላይ ተቀብቶ ሲቃጠል እንደ መስታወት የሚሆን ልባስ ነው። ነጭ ገላው ቀለሙን አያደበዝዝም። ግልጽ ግሌዝ ላይ 1 ወይም 2 በመቶ የብረት ኦክሳይድ ጨምሩ። ጋዝ ምድጃ ውስጥ ኦክስጅን ተቀንሶበት ሲቃጠል ሰማያዊ ያዘለ አረንጓዴ ይወጣል፤ ሴላዶን የሚሉት እሱን ነው። ያው ግሌዝ ኦክስጅን በማይቀነስበት የኤሌክትሪክ ምድጃ ወደ ቢጫ ያደላል። ሲቀዘቅዝ ግሌዙ ከገላው ይበልጥ ከተኮማተረ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ጀበናውን ለሸክላ፣ ስኒውን ለፖርስሊን እተዋለሁ። ለስኒ ብቻ ከሆነ ትንሽ ምድጃም ይበቃችኋል።