ቁጥር የማይናገረው የሲዲ4 ስትሪፕ፦ ከላቦራቶሪ ጠረጴዛ የተጻፈ ግምገማ

በአንድ ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ የምሠራ ባለሙያ ስሆን፣ «ቪዚቴክት» በሚል ስም የሚታወቀውን የሲዲ4 መመርመሪያ ስትሪፕ ለወራት ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ጥራቱን ፈትሾ «ቅድመ ብቃት» የተባለውን ማረጋገጫ የሰጠው ይህ ስትሪፕ የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ያለው የሲዲ4 ሕዋስ ከ200 በላይ ነው ወይስ በታች? ከዚህ ያለፈ ነገር የሚጠብቅ ሰው ሳጥኑን ባይከፍት ይሻለዋል።

ዕቃውን ለመመዘን አስቀድሞ ምን እንደሚለካ ማወቅ ያስፈልጋል። ሲዲ4 ብለን በልማድ ሕዋሱን እንጥራው እንጂ፣ በትክክል ሲነገር ረዳት ቲ ሕዋስ በሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ገጽ ላይ የተተከለ ተቀባይ ፕሮቲን ነው። ሌላ የመከላከያ ሕዋስ ከጀርም የቆራረጠውን ቅንጣት ይዞ ሲቀርብ፣ የቲ ሕዋሱ ዋና ተቀባይ ቅንጣቱን ይለያል፤ ሲዲ4 ደግሞ ቅንጣቱን የተሸከመውን ሞለኪውል ከጎን ጨብጦ ይይዛል፣ ወደ ሕዋሱ ውስጥ በገባው ጅራቱ ላይ ያለው ኤልሲኬ የተባለ ኤንዛይምም መልእክቱን ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። አንቲቦዲ የሚያመርቱት ቢ ሕዋሳትም ሆኑ የተበከለ ሕዋስ የሚገድሉት ሲዲ8 ሕዋሳት ሥራቸውን በአግባቡ የሚሠሩት፣ በአብዛኛው፣ ረዳቱ ሕዋስ በዚህ መንገድ ሲነቃና ሲያግዛቸው ነው። ችግሩ ኤች አይ ቪም ይህንኑ ተቀባይ መግቢያው ማድረጉ ነው። ቫይረሱ መጀመሪያ ሲዲ4ን እንደሚይዝ እ.ኤ.አ. በ1984 ታወቀ፤ ሲሲአር5 ወይም ሲኤክስሲአር4 የተባለ ሁለተኛ ተቀባይ እንደሚያስፈልገው ደግሞ በ1996 ተረጋገጠ።

በሆስፒታል የምናውቃቸው ፍሎው ሳይቶሜትር ማሽኖች ሕዋሳቱን በሚያበራ ቀለም ምልክት አድርገው አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ስትሪፑ ግን ተቀባዩን ራሱን እንጂ ሕዋስ አይለካም፤ በዚህም ሁለት እንቅፋት ይገጥመዋል። አንደኛ፣ ሞኖሳይት የተባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳትም ሲዲ4 አላቸው። ሁለተኛ፣ ከሕዋስ ተለይቶ በፕላዝማ ውስጥ የሚንሳፈፍ ሲዲ4 አለ። በሜልቦርን የሚገኘው የበርኔት ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን የፈቱት ሞኖሳይቶቹን ደሙ የሚያርፍበት ንጣፍ ላይ በማስቀረት ነው። ለሁለተኛው ያገኙት መፍትሔ ግን ከሁሉም ይበልጥ ያስደንቀኛል፤ በስትሪፑ ላይ ያለው አንቲቦዲ የሚይዘው የሲዲ4ን ጅራት ነው፣ በፕላዝማ ውስጥ የሚንሳፈፈው ደግሞ ያ ጅራት የለውም። መልእክት የሚያስተላልፈው ጫፍ ራሱ የመለኪያ ምልክት ሆነ ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ትዕግሥት ይጠይቃል። ከጣት ጫፍ 30 ማይክሮ ሊትር ደም ይወሰዳል፤ ከ3 ደቂቃ በኋላ አንድ ጠብታ በፈር (ደሙን በስትሪፑ ላይ የሚያስኬድ ፈሳሽ)፣ ከዚያ 17 ደቂቃ ጥበቃ፣ ከዚያም በሁለተኛው ጉድጓድ ሦስት ጠብታ ተጨምሮ ሌላ 20 ደቂቃ፣ በድምሩ 40 ደቂቃ ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የወባ ስላይድ ላይ አተኩሬ ሳለ 17ቱ ደቂቃ አልፎኝ አንዱን ስትሪፕ ጥዬ፣ የታካሚውን ጣት ይቅርታ ጠይቄ እንደገና ወግቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ታይመር አልጀምርም።

ውጤቱ የሚነበበው በዓይን ሲሆን፣ የምርመራው መስመር ቀለም 200ን ከሚወክለው ማነጻጸሪያ መስመር ጋር ይነጻጸራል፤ ከደበዘዘ በታች፣ ከደመቀ በላይ ነው። ሁለቱ ሲቀራረቡ ስትሪፑን ወደ መስኮቱ ወስጄ ለባልደረባዬም አሳያለሁ። ከ200 ጥቂት ከፍ ያለውን ሰው «በታች» ብሎ መመደብ የዚህ ዓይነቱ ምርመራ የታወቀ ድክመት ነው፤ ሆኖም የሚያስከትለው ተጨማሪ ምርመራ በመሆኑ ከተቃራኒው ስሕተት ይልቅ ይህኛውን እመርጣለሁ። ደግሞም የአንድ ሰው ሲዲ4 ከጠዋት እስከ ማታ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ 195 እና 205 የሚሉ ሁለት ቁጥሮችን እንደ ሁለት የተለያዩ ሁኔታዎች ማየት ድሮም ልክ አልነበረም። የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የጋራ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ከደቾቹ ያነሰ ሲዲ4 እንዳላቸው ማሳየቱንም የዚህ ሙያ ሰው ሊዘነጋው አይገባም።

የቁጥር አለመኖር ግን እውነተኛ ጉድለት የሚሆንበት ጊዜ አለ። መድኃኒታቸውን ለረጅም ጊዜ አቋርጠው የተመለሱ አንዲት እናት፣ ከዓመታት በፊት በማሽን የተነገራቸውን 412 በቃላቸው ይዘው፣ «ልጄ፣ አሁንስ ስንት ሆነልኝ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እማማ፣ ይኼኛው ቁጥር አይሰጥም፤ ከ200 በታች መሆኑን ብቻ ነው የሚያሳየን።»

«ታዲያ 190 ነው ወይስ 19?»

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ የሚያመጣው የማጅራት ገትር አደጋ ከ100 በታች በጣም ይጨምራል። ስለዚህ ስትሪፑን ለብቻው መግዛት ትርፉ ትንሽ ነው፤ አብረውት የፈንገሱን ምልክት በደም ውስጥ የሚፈልገው የክሪፕቶኮከስ አንቲጅን ምርመራና ከሽንት ቲቢን የሚፈልገው «ላም» (LAM) የተባለው ስትሪፕ ካሉ ግን «በታች» የሚለው ቃል ብቻውን ቀጣዩን ሥራ ለመጀመር ይበቃል። በሕክምና ላይ ላለ ሰው መደበኛ ክትትል ይህንን አልመክርም፤ ለዚያ በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን የሚለካው የቫይራል ሎድ ምርመራ አለ። አዲስ ለተመረመሩና አቋርጠው ለተመለሱ ግን ያለ ማመንታት እመርጠዋለሁ።

እማማ በዚያው ቀን ጠዋት ሁለቱንም ተጨማሪ ምርመራዎች አድርገው፣ ተጓዳኝ ኢንፌክሽን የሚከላከለውን ኮትሪሞክሳዞላቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከእኛ ዘንድ ናሙና ወደ ሆስፒታሉ ማሽን የሚላከው ማክሰኞና ዓርብ ነው፤ እርሳቸው የመጡት ረቡዕ ነበር።