ደሴ ፒያሳ ያለው የመንፈሳዊ መጻሕፍት መደብር

ይህ አነስተኛ መደብር ከሥዕለ አድኅኖና ከመቁጠሪያ ባሻገር የጥንት ክርስቲያናዊ ጽሑፎችን ግዕዙን ከነአማርኛው አሰባስቦ በመያዙ ሊመሰገን ይገባዋል። ባለመደብሩ፣ በአክሱም ዘመን ከጽርእ (ከግሪክኛ) ወደ ግዕዝ የተመለሱት ቅዱሳት መጻሕፍት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግድም በዐረብኛው እየተቃኑ እንዴት እንደታረሙ፣ መጽሐፈ ሄኖክም ሙሉው በግዕዝ ብቻ እንደተረፈ ለጠየቃቸው ሁሉ በትዕግሥት ያስረዳሉ። ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሲነሣማ ጨዋታቸው አይጠገብም፤ የገዳሙ አበምኔት የነበሩት የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል፣ የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ብራና፣ ከወንጌሉ ጋር የገዳሙን መጻሕፍት ዝርዝር ጭምር መያዙን የሰማሁት ከእርሳቸው ነው።

የገዛሁት የአንድምታ (ከነባህላዊ ትርጓሜው) ወንጌል ኅትመት ግን ቅር ያሰኛል፦ ወረቀቱ ስስ በመሆኑ የጀርባው ጽሑፍ ያሳልፋል፤ «አንድም» እያለ የሚደረደረው ሐተታም ከንባቡ በቀለም ስላልተለየ ዓይን ያደክማል። ዋጋው ቁርጥ ስለሆነ መከራከር አያዋጣም።