ፔሮ፣ ጋቶ፣ ጋዮ፦ በጎንደር የሕፃናት የቅዳሜ ስፓኒሽ ክፍል

ጎንደር ውስጥ ለትንንሽ ልጆች እንግሊዝኛ የሚያስጠና በየሰፈሩ አይታጣም፤ ስፓኒሽ የሚያስተምር ግን እንደ ልብ አይገኝም። ከፒያሳ ወረድ ብሎ ያለ አንድ የግል የቋንቋ ማዕከል ከ5 እስከ 8 ዓመት ለሆኑ ልጆች የቅዳሜ ጠዋት የስፓኒሽ ክፍል በመክፈቱ ሴት ልጄን አስመዝግቤ አንድ የትምህርት ዙር ተከታትላለች። ወላጆች ከኋላ ተቀምጠው እንዲያዩ ስለሚፈቀድ ትምህርቱ እንዴት እንደሚሰጥ በቅርብ ተመልክቻለሁ። ቅሬታም ስለማነሣ የማዕከሉን ስም አልጠቅስም።

የመጀመሪያው ዙር ትምህርት በሙሉ ከሰው ጋር በቤት በሚኖሩ እንስሳት ላይ የተመሠረተ ነው (ፔሮ ውሻ፣ ጋቶ ድመት፣ ጋዮ አውራ ዶሮ ነው)። ከውጭ የመጣ አንድ ሳጥን አለ፤ በውስጡ ባለ ሥዕል ካርዶች፣ እጅ ውስጥ የሚጠለቁ የጨርቅ አሻንጉሊቶች፣ የድምፅ ቅጂና የመልመጃ ደብተሮች ይገኛሉ። የርእሱ ምርጫ ጥሩ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ስለ ሆቴል ወይም ስለ አየር ማረፊያ አውራ ቢባል የሚለው ነገር አይኖረውም፤ ስለ ውሻ ግን ማንም ሳይጠይቀው ያወራል። አንድ እንስሳ ከተያዘ ደግሞ ቁጥሩ፣ ቀለሙ፣ መጠኑና የሚበላው ሁሉ ተከትሎ ስለሚመጣ፣ ልጁ ሳይታወቀው ከነጠላ ቃል ወደ ዓረፍተ ነገር ይሻገራል። ልጄ «ቴንጎ ኡን ፔሮ» (ውሻ አለኝ) ማለት እንደ ለመደች ስሙን ተጠየቀች፤ «ሴ ያማ ቡቺ» ብላ መለሰች። ክፍሉ ውስጥ ቡቺ የሚባል ውሻ ያላት እሷ ብቻ ስላልነበረች ሳቁ ለአፍታ አልበረደም፤ አስተማሪውም በዚያው ሳቅ «ስሙ ማን ይባላል?» የሚለውን ጥያቄ ሁሉም ተራ በተራ እንዲጠይቁ አደረጉ።

ትምህርቱ በአብዛኛው ቆመው የሚማሩት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ አሸር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው፣ ልጁ ለመናገር ከመገደዱ በፊት ትእዛዝ ሰምቶ በሰውነቱ እንዲመልስ የሚያደርገው ዘዴ እዚህ በደንብ ይሠራበታል። «ሳልቴን ኮሞ ኮኔኾስ» ሲባሉ እንደ ጥንቸል ይዘላሉ፤ «ካሚኔን ኮሞ ቶርቱጋስ» ሲባሉ እንደ ኤሊ ይጎተታሉ። ዓይን አፋር ልጅ አፉን ሳይከፍት መረዳቱን ማሳየት መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። የእንስሳት ድምፅ ሲመጣ ደግሞ የስፓኒሹ ዶሮ «ኪኪሪኪ» እንደሚል የሰሙ ልጆች «ኩኩሉ ነው የሚለው!» ብለው አስተማሪውን ለማረም ተሽቀዳደሙ።

ሳጥኑ ራሱ ግን ለእኛ ልጆች የተሠራ አይደለም። ከካርዶቹ አንዱ ሐምስተር የሚባለውን፣ በሌላው ዓለም በጎጆ አስቀምጠው የሚንከባከቡትን ትንሽ እንስሳ ያሳያል። ካርዱ ከፍ ሲል ክፍሉ ባንድ ድምፅ «አይጥ!» ብሎ ጮኸ፤ አንድ ልጅ እግሩን ከመሬት አንሥቶ ወንበሩ ላይ ወጣ። በመልመጃ ደብተሩ ደግሞ ልጁ ይህንኑ እንስሳ በቤቱ ካሉት ጋር እንዲያዛምድ ይጠየቃል። የጎንደር ልጅ የሚያውቀው በር የሚጠብቅ ውሻ፣ አይጥ የምታድን ድመት፣ ለበዓል የመጣ በግ፣ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ነው፤ በጉም ሆነ ሌሎቹ የሚያውቃቸው ዶሮና አህያ ከካርዶቹ መካከል የሉም፤ ፈረሱ አለ፣ ያውም የሚጋለበው ለመዝናኛ ነው። ሳጥኑን የሸጠው ድርጅት ይህን ሊያውቅ አይችል ይሆናል፤ የገዛው ማዕከል ግን ጥቂት ካርዶች በእጅ አሥሎ ለመጨመር የሚያግደው አልነበረም።

ክፍሉን ያዳኑት አስተማሪው ናቸው። ከ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ ኩባ የወጣቶች ደሴት ተልከው ከተማሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ሲሆኑ፣ ልጆቹ «ጋሼ» ይሏቸዋል። «ድመቷ አትበላውም?» የሚል ጥያቄ ከሐምስተሩ ካርድ በኋላ ሲነሣ፣ እሳቸው ካርዱን አስቀምጠው ማን ማንን እንደሚበላ በስፓኒሽ የሚያስብል ጨዋታ አወጡ፤ የቀኑም ጥሩ ትምህርት እሱ ሆነ። ፈረስን ያስተማሩትም ልጆቹን ወደ ፋሲል መዋኛ ይዘው ሄደው፣ በአጠገቡ ያለውን የንጉሥ ፈረስ የተቀበረበት ነው እየተባለ የሚነገርለትን ጉልላት ያለው ሕንፃ በማሳየት ነው። ልጄ «ካባዮ» የሚለውን ቃል የያዘችው ከሥዕሉ ሳይሆን ከዚያ ነው።

ከሁሉም በላይ ዋጋ የምሰጠው ግን ስፓኒሹን በእንግሊዝኛ በኩል አለማስተማራቸውን ነው። የመልመጃ ደብተሩ የንባብ መመሪያ የተጻፈው እንግሊዝኛ አንባቢን ታሳቢ አድርጎ ስለሆነ ለእኛ ልጅ ድርብ ሸክም ነው። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ግን ለስፓኒሽ ድምፆች ግማሹን መንገድ ተጉዞ የመጣ ነው። አምስቱ የስፓኒሽ አናባቢዎች በፊደላችን ያለ ችግር ይጻፋሉ፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚቸገርበት «ኝ» ለእኛ የዕለት ድምፅ ነው፤ «ኮኔኾ» ውስጥ ያለውም «ኸ» እንዲሁ። ፊደል የማይለየው አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ደግሞ «ፔሮ»ን ሰሌዳው ላይ ሁለት ጊዜ ጽፈው፣ ጠብቆ ሲነበብ ውሻ፣ ላልቶ ሲነበብ «ግን» እንደሚሆን «ገና»ን ምሳሌ አድርገው አስረዱ፤ የስድስት ዓመት ልጆች ወዲያው ገባቸው። «ሜ ጉስታ ኤል ጋቶ» የሚለው አገባብም «ድመት ደስ ይለኛል» ከሚለው ጋር አንድ ዓይነት አካሄድ ስላለው ማንም አልተደናገረበትም። የተቸገሩት በቀለም ነው፤ እኛ «ጥቁር ውሻ» ስለምንል ልጆቹ «ኔግሮ ፔሮ» እያሉ አስቸገሩ፣ ስፓኒሹ ግን ቀለሙን ከስሙ በኋላ ያመጣል። ዙሩ እስኪያልቅ ድረስ ይህ ስሕተት ከብዙዎቹ አፍ አልጠፋም፤ ለጊዜው መተው እንጂ በየጊዜው ማረም አያስፈልግም ባይ ነኝ።

የድምፅ ቅጂው የተቀረፀው በስፔን አነጋገር ሲሆን አስተማሪው የሚናገሩት እንደ ኩባ ሰው ነው። ዓሣን ቅጂው ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ ሲጠራው፣ እሳቸው በቀላሉ «ፔስ» ይሉታል። አንዳንድ ወላጆች ይህን እንደ ጉድለት ቆጥረው ሲያጉረመርሙ ሰምቻለሁ። ስፓኒሽ በ20 አገሮች የመንግሥት ቋንቋ ነው፤ ስፓኒሽ በሚነገርባቸው የላቲን አሜሪካ አገሮች ይህ ድምፅ የሚጠራውም እንደ አስተማሪው ነው፤ ለልጆቻችን ምላስም የሚቀለው ይኸው ነው። «ለጎንደር ልጅ ስፓኒሽ ምን ይሠራለታል?» ለሚሉትም ከ400 ዓመት በፊት ስፔናዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ አማርኛና ግእዝ ተምሮ እዚሁ ጣና ዳር፣ ጎርጎራ፣ በ1622 (እ.ኤ.አ.) መሞቱን ማስታወስ ይቻላል፤ ዝምድናው አዲስ አይደለም።

አንድ ነገር ግን በጣም አሳስቦኛል። ከቅጂው ዘፈኖች አንዱ ልጁ ውሻ ባየ ቁጥር ቀርቦ እንዲያሻሸው ይጋብዛል። ባለቤት የሌላቸው ውሾች በየመንገዱ በሚታዩበት ከተማ ይህ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም በሽታው ገዳይ ነው። አስተማሪው ይህን ሳነሣባቸው አልተከፉም፤ በቀጣዩ ቅዳሜ «ኖ ሎ ቶኬስ» (አትንካው) የሚል ጨዋታ ጨመሩ፤ አንደኛው ልጅ ውሻ ሆኖ ሲቀርብ ሌሎቹ እንደ ዛፍ ቀጥ ብለው ይቆማሉ። የነከሰ ወይም የቧጨረ ውሻ ካለ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ታጥቦ ልጁ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ እንዳለበትም ለወላጆች ተናገሩ። ይህ በሳጥኑ መመሪያ ውስጥ ሊኖር ይገባው ነበር።

በአስተዳደር በኩል ማዕከሉ ደካማ ነው። በበዓል ምክንያት የቀሩ ቅዳሜዎች አይተኩም፤ በጥምቀት ሰሞን እንደማይኖር ሁላችንም ብናውቅም ክፍያው ላይ ቅናሽ አልተደረገም። የመልመጃ ደብተሩ ቅጂ ደብዛዛ ስለሆነ «የትኛው ድመት ነጭ ነው?» የሚለው ገጽ ላይ ሁሉም ድመቶች ግራጫ ናቸው፤ ልጄ ራሷ በእርሳስ ቀለም ቀባቻቸው። ክፍያው ራሱ ከአንድ ጥሩ የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ብዙም አይበልጥም፤ ለተሰጠው ትምህርትም አይበዛም። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ለማስገባት ለሚያስቡ ግን እንዲቆዩ እመክራለሁ፤ በክፍሉ የነበረ አንድ ትንሽ ልጅ ጨዋታው ሲረዝምበት አሻንጉሊቷን ኤሊ አቅፎ ይተኛ ነበር።

ለመመዝገብ የሚሄድ ወላጅ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ክፍሉን ማን እንደሚይዘው ይጠይቅ። ከሰዓት በኋላ ያለውን ሁለተኛ ክፍል የሚመራው ሌላ ሰው ነው፤ እዚያ አንድ ቀን ገብቼ ስመለከት ቅጂው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይከፈታል፣ ልጆቹ ተቀምጠው ይሰማሉ፣ ሐምስተሩም ያለ ማብራሪያ ያልፋል። ጠዋት ቦታ ካልተገኘ ቀጣዩን ዙር መጠበቅ ይሻላል።