ጦሳ ላይ ለማደር፦ ላባ፣ ፖሊስተር ወይስ ጋቢ?

ኅዳር ላይ ሦስት ሆነን ከደሴ በላይ ባለው ጦሳ ተራራ ላይ አደርን። አንዱ ጓደኛዬ የዳክዬ ላባ የተሞላ ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ይዟል። የእኔ ፖሊስተር ነው። ሦስተኛው «ምን ሲባል ከረጢት ውስጥ እገባለሁ!» ብሎ ጋቢ፣ ብርድ ልብስና አጎዛ ተሸክሞ መጣ። ሳቅንበት።

ላባ ደረቅ ከሆነ አቻ የለውም። ቀላል ነው፤ ሲጠቀለል ከትንሽ ድፎ ዳቦ አይበልጥም። ጠላቱ እርጥበት ነው። ያን ሌሊት ዝናብ አልጣለም። ግን ብርዱን ፈርተን ድንኳኑን ጥርቅም አድርገን ስለዘጋን ትንፋሻችን ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ሲንጠባጠብ አደረ። ጠዋት የጓደኛዬን ባግ እግሩ ጋ ስዳብሰው ላባው ጓጉሏል፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ የተነከረች ዶሮ ነው የመሰለኝ። ላባ የሚያሞቀው በያዘው አየር ነው። ሲረጥብ ይሟሽሻል፣ አየሩም አብሮ ይሄዳል።

ፖሊስተር ይከብዳል፣ ሻንጣ ይሞላል። ግን ቢረጥብም ሙቀቱን ጨርሶ አይለቅም፤ ፀሐይ ላይም ቶሎ ይደርቃል። ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። ለደሴ ጭጋግ እኔ እሱን ነው የምገዛው።

ስትገዙ መለያውን አንብቡ። ጥሩዎቹ ላይ ባጉ የሚችለውን ቅዝቃዜ በዲግሪ የሚናገር ሦስት ቁጥር አለ፦ ኮምፈርት፣ ሊሚት፣ ኤክስትሪም። ሻጭ የሚጠራላችሁ ብዙ ጊዜ የመጨረሻውን ነው፤ «ከዜሮ በታች 15 ይችላል» ይላችኋል። ያ ቁጥር በሕይወት ለመትረፍ እንጂ ለመተኛት አይደለም። ተመችቷችሁ የምትተኙበትን፣ ኮምፈርቱን እዩ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። በዚህ ልዩነት ብቻ 4 ዲግሪ ያህል ይበርዳል፤ ጦሳ ደግሞ ከደሴም በላይ ነው። ለጦሳ ኮምፈርቱ 0 አካባቢ ይሁን። ለኮምቦልቻ 10 ይበቃል።

ቅርጹስ? እግር ጋ የሚጠበው የበለጠ ያሞቃል፤ እንቅልፉ ላይ የሚገላበጥ ሰው ግን ሰፊውን ይውሰድ።

ወደ ጋቢው ልመለስ። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ለመድረቅም ቀኑን ሙሉ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለክረምት አልመክረውም። ግን ያ የሳቅንበት ልጅ ከሁላችንም የተሻለ ተኛ። ምክንያቱ አጎዛው ነው። እኔ ከሥሬ ያነጠፍኩት ስስ ሸራ ነበር። የትኛውም ባግ ስትተኙበት ከሥር ይጨፈለቃል፤ ያኔ መሬቱ ሙቀታችሁን ይመጠዋል። እኩለ ሌሊት ላይ ጀርባዬ በረዶ ሆኖ ነቃሁ። ገንዘባችሁ ለጥሩ ባግና ለፍራሽ ካልበቃ ርካሽ ባግ ግዙና ትርፉን ለፍራሽ አውሉት።

ድንኳኑን ትንሽ ከፈት አድርጉ። ለመኝታ ብቻ የሚሆን ደረቅ ካልሲ ያዙ። ጭንቅላታችሁንም ባጉ ውስጥ ቀብራችሁ አትተንፍሱ፤ ከውስጥ ያረጥበዋል።

አጎዛውን ሽጥልኝ ብለው እንቢ አለኝ።