ችግር የለም ያላለኝ አስጎብኚ

ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን። አዋሽ ግን ማደሪያ አለው። ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ይነሣል፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፣ አፋር በረሃ ውስጥ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ባሕር የሚባል ነገር አያይም። አዳማ ስናድግ ይህን የነገረን የለም። አዋሽ ለኛ የወንጂ ሸንኮራና የሶደሬ ዋና ነበር፣ በቃ።

አሁን የምኖረው ዴንቨር ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዩታ በረሃ ውስጥ ሳን ሁዋን የሚባል ወንዝ ላይ በጎማ ጀልባ ይዞኝ ወረደ። አምስት ቀን ውኃ ላይ ዋልን፣ አሸዋ ላይ አደርን። ከዚያ ወዲህ «የኛስ ወንዝ?» የሚል ነገር ውስጤ ገባ። ዘንድሮ ታኅሣሥ እናቴን ልጠይቅ ስመጣ አዋሽን፣ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ካለው ፏፏቴ በታች፣ ሦስት ቀን በጀልባ ልወርድ አቅጄ ነበር። ሦስቱ ቀን ግማሽ ቀን ሆነ። ቅር ግን አላለኝም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ከአዳማ ተነሥቶ እንዲህ ያለ ጉዞ ለሚያስብ ሰው ይጠቅመው ይሆናል።

መጀመሪያ የገባሁት አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ነው። ስሙን አልጠራም። ሶፋው ቆንጆ ነው፣ ግድግዳው ላይ ላሊበላና ኤርታሌ ተሰቅለዋል፣ ማኪያቶ ታዘዘልኝ። ልጁ ጨዋ ነው። የጠየቅኩትን ሁሉ በአንድ ቃል መለሰልኝ። ጀልባ አላችሁ? ችግር የለም። የፓርኩ ፈቃድስ? ችግር የለም ወንድሜ፣ አንተ ብቻ ዘና በል። አዞስ? እዚህ ላይ ሳቀ። «አዞ ሀበሻ አይበላም!» እኔም ሳቅኩ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ ወንዙ ጋ ሳይደርሱም ይሠራል። ቀብዱን እዚያው በቴሌብር ላክሁ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ማታ እልክልሃለሁ» አለኝ።

ማታው አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ጀልባውን ካላየሁ ብዬ አስቸገርኩ። ጓሮ ወሰዱኝ። ጀልባ የተባለው የልጆች መዋኛ ገንዳ ነገር ነው፤ አንድ አየር ቋት ብቻ ያለው። ለወንዝ የሚሠራ ጀልባ ቋቱ የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ ቢቀደድ ሌሎቹ ያንሳፍፉታል። የዚህኛው ጎን ላይ የብስክሌት ጎማ በሚጣበቅበት ማስቲሽ ሁለት ቦታ ተለጥፎበታል። እኛ አራት ነን፣ ላይፍ ጃኬቱ ሦስት። አንዱ መቆለፊያው ጠፍቶ በሲባጎ ታስሯል። ሲባጎዋን በጣቴ ይዤ ትንሽ ቆየሁ። ሳን ሁዋን ላይ መነሻው ጋ የቆመችው ጠባቂ ከነመጠባበቂያው እየቆጠረች፣ መቆለፊያውን እየሳበች ነበር ያሳለፈችን። ልጁ ፊቴን አይቶ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ።

ከብዙ ስልክ በኋላ የቀብዱን ግማሽ መለሱልኝ። ሌላው ግማሽ ለማኪያቶው ይሁን።

ሁለተኛውን ሰው ያገኘችልኝ እናቴ ናት። የጎረቤታችን የእህት ልጅ ነው፤ ቱሪስት ይዞ አፋር ሲመላለስ ዓመታት ሆነውታል። ፍራንኮ አካባቢ አንድ ጁስ ቤት ተቀመጥን። እኔን ሳያስጠይቅ እሱ ጠየቀኝ። ዋና ትችላለህ? የምትወስደው መድኃኒት አለ? ቤት ውስጥ ማን ያውቃል የት እንደምትሄድ? ከዚያ ሐሳቤን ሰምቶ ሲጨርስ ገለባውን ከብርጭቆው አወጣና «ሦስት ቀን አላወርድህም» አለኝ።

ለምን ስለው አንድ በአንድ ነገረኝ። አዋሽን በጎማ ጀልባ መውረድ አዲስ ነገር አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. ወጣት አሜሪካውያን አዋሽንና ኦሞን ወርደው ሶቤክ የሚባል የጉዞ ድርጅት አቋቁመዋል። ሶቤክ የጥንት ግብፆች የአዞ አምላክ ነው። «ስሙን ያወጡት ወደው እንዳይመስልህ» አለኝ። ከገደሉ ወጥቶ ውኃው ሲረጋጋ አዞና ጉማሬ ይበዛል። እሱ ደግሞ ከአዞው ይልቅ ጉማሬውን ነው የሚፈራው። ሁለተኛው ነገር አምና 2017 ዓ.ም. እዚያው ወንዙ አጠገብ ባሉት የፈንታሌና የዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር ስትንቀጠቀጥ መክረሟ ነው። መንገድ ተሰነጠቀ፣ ሕዝብ ከቀየው ተነሣ። «ከዚያ በኋላ ገደል ሥር ድንኳን ተክዬ ሰው አላሳድርም።»

ሦስተኛው ያላሰብኩት ነበር። የአዋሽ ውኃ በዝናብ ብቻ አይመጣም፤ ከላይ ቆቃ ግድብ ላይ ያለ ሰውም ያዘዋል። ግድቡ በ1960 እ.ኤ.አ. ነው የተመረቀው፣ በጣሊያን የጦር ካሣ ገንዘብ። ከዚያ ወዲህ ወንዙ በመብራትና በመስኖ ፕሮግራም ይኖራል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ወደ ታች አፋርን እስከማጥለቅለቅ ይደርሳል። በበጋ ደግሞ ሊያንስና ጀልባህ ድንጋይ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ የታኅሣሥን አየር ብቻ አይተህ ቀን አትቆርጥም፤ ታች ያለ ሰው ጋ ደውለህ ውኃው ዛሬ የት ድረስ እንደሆነ ትጠይቃለህ። እኔ ዴንቨር ቁጭ ብዬ ትኬት ስቆርጥ ያየሁት የሙቀቱን መጠን ብቻ ነበር።

ዝርዝር ጻፈልኝ። አጎበር። የትንኝ ቅባት። የወባ ኪኒን፣ ሐኪም አማክረህ። የተሸፈነ ጫማ። በአዋሽ ሸለቆ ቢልሃርዚያ የታወቀ ነው፣ ከላይ ደግሞ አቃቂ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ይዞ ይገባበታል። ስለዚህ መዋኘት የለም፣ ዳር ቆሞ እግር መንከርም የለም፣ የመጠጥ ውኃ በጀሪካን ከአዳማ ይጫናል። ሶደሬ ዋና የለመደ የአዳማ ልጅ ይህን ሲሰማ ትንሽ ይከፋዋል። ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ ፋርማሲ ሁሉንም አገኘሁ። ባለሙያዋ የት እንደምሄድ ጠይቃ ኪኒኑን ከስንት ቀን በፊት መጀመር እንዳለብኝ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችልኝ። ይህችን ልጅ እግዜር ይስጣት።

መኪና እዚያው አዳማ ነው የተከራየነው፣ ላንድ ክሩዘር ከነሾፌሩ። እዚህ ላይ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ነዳጅ በማን ነው? የሾፌሩ ውሎ አበልና አልጋስ? ነዳጅ በሰልፍ ከሆነ ሲሰለፍ የሚውልበት ቀን ይቆጠራል? እኛ ሁሉንም ጽፈን ተፈራረምን፤ አንድም ጭቅጭቅ አልነበረም። ዋጋውን አልጽፍም፤ የዛሬው ለሚመጣው ወር አይሆንም። የአስጎብኚው የግማሽ ቀን ሒሳብ ግን ያኛው ቢሮ ለሦስት ቀን ከጠየቀኝ ብዙም አይተናነስም። ጀልባውን ከአዲስ አበባ በኪራይ ነው ያስመጣው፣ ከሁለት ቀዛፊዎች ጋር። ስድስት ላይፍ ጃኬት ይዘው መጡ። ለአራት ሰው ለምን ስድስት አልኩት። «አንዱ ይጠፋል፣ አንዱ ይቀደዳል።»

ከአዳማ አዋሽ ሰባት ድረስ 125 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በቅርብ ያለ ይመስላል። ግን የጅቡቲ መንገድ ነው፤ የአገሪቱ ገቢ ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በዚህ ነው። ከባድ መኪናው አያልቅም፣ ግመሉም አስፋልቱን የኔ ነው ይላል። ሾፌራችን ማታ አልነዳም ብሎ አስቀድሞ ነግሮን ስለነበር ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ወጣን። መተሐራ ስንደርስ በሰቃ ሐይቅ በግራም በቀኝም ይታያል። አባቴ ሲያወራው ኩሬ ነበር፤ ዛሬ አሮጌውን የባቡር ሐዲድ የዋጠ ሐይቅ ነው።

ፓርኩ በር ላይ ሰውየው እኔን አየ፣ ፓስፖርቴን አየ፣ ደግሞ እኔን አየ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዬን እናቴ ቤት ረስቼው ነበር። የውጭ ዜጋ ሒሳብ ከፈልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልከራከር አልቻልኩም። ደረሰኙ ግን ማኅተም ያለበት፣ እዚያው የተቆረጠ ነው። ማታ እልክልሃለሁ የለም። ጠመንጃ የያዘ ስካውትም ተመደበልን።

ጀልባው ከመነፋቱ በፊት ስካውቱ ጠፋ። ቀና ስል ትንሽ ራቅ ብሎ ግመሎቹን ከሚነዳ አፋር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል። አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፣ ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። አሥር ደቂቃ አለፈ። ዘመዶች ናቸው ብዬ ዝም አልኩ። አስጎብኚው ግን ሰዓቱን እንኳ አላየም። «ዳጉ ነው» አለኝ። አፋር መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ ያየውንና የሰማውን ሳይነግርና ሳይነገረው አያልፍም። ስካውቱ ሲመለስ ይዞ የመጣው ይኸው ነው፦ ውኃው ከትናንት ጀምሮ ቀንሷል፣ ከታች ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ግልገል የያዘች ጉማሬ አለች።

መውጫችን ከሁለተኛው ጥምዝ በታች ነበር። አስጎብኚው ቀዛፊዎቹን ጠራ፣ በዱላ አሸዋ ላይ መስመር ጻፈ፣ መውጫውን ወደ ላይ አመጣው። ከዴንቨር የመጣሁበት ጉዞ ዓይኔ እያየ እንደገና አጠረ። ያን ሰዓት ተናድጄ ነበር፣ አልዋሽም። ለግመል እረኛ ወሬ ስንል ብዬ ላጉረመርም አፌን ከፍቼ ሲባጎዋ ትዝ አለችኝ።

ወንዙ ላይ ስለነበረው ብዙ አልልም። ሁለት ቦታ ጀልባውን ተሸክመን በድንጋይ ላይ አለፍን። ገደሉ ከላይ ይጠብባል፣ ውኃው ሻይ በወተት ይመስላል። ዝንጀሮዎቹ ከዳር ሆነው ተሳደቡብን። እዚህ ሁለት ዓይነት ዝንጀሮ ይገናኛል፣ ይዳቀላልም፤ ተመራማሪዎች ዓመታት የሚመላለሱት ለዚህ ነው። አንድ አዞ አሸዋ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ስንቀርብ ያለ ምንም ድምፅ ውኃው ውስጥ ገባ። የት እንደሄደ አለመታየቱ ነው የከፋው። ጥምዙ ሳይደርስ ወጣን። ከዳገቱ ላይ ሆኜ በአስጎብኚው መነጽር ወደ ታች አየሁ። ሁለት ጆሮ፣ ከጎናቸው ሁለት ትንንሽ ጆሮ።

ማታ አዋሽ ሰባት አደርን። ፍየል ጥብሱ አሪፍ፣ የአልጋው ቬንትሌተር መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ። በማግስቱ ፍልውኃውን አይተን ተመለስን።

አዳማ ስንደርስ ጀልባው እርጥብ ሆኖ ወደ ኪራዩ አይመለስም አሉ፤ ይሻግታል። እናቴ ግቢ ዘረጋነው። እሷ ደግሞ በርበሬዋን አስጥታለች፣ ፀሐይዋን ከለከልናት። ወጥታ ጀልባውን ዞር ዞር ብላ አየችው፣ በእግሯ ጫፍ ነካ አደረገችው። «ለዚህ ጎማ ነው ከአሜሪካ ድረስ የመጣኸው?» አለችኝ። ከዚያ ወደ አስጎብኚው ዞራ፣ «ልጄ፣ ሳይመሽ አንሡልኝ፣ በርበሬዬ እንዳይበላሽ» አለችው።

ላይፍ ጃኬቶቹን እየቆጠረ ነበር፣ አምስተኛው ላይ ነው። ቀና አለ።

«ችግር የለም እማማ» አላት። ከተዋወቅን ጀምሮ ሲለው የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።