ለኤስኤምኤስ መላኪያ ሞደም ወይስ አሮጌ ስልክ?

ሰሞኑን ሦስት ጓደኞቼ ይህንኑ ጠየቁኝ፤ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

እህቴ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ልብስ ስፌት ቤት አላት። ትንሽ ዌብ አፕ ሠራሁላት። ልብሱ ሲያልቅ «አልቋል» የሚለውን ስትነካ ለደንበኛው ኤስኤምኤስ ይሄዳል። አፑ የሁለት ምሽት ሥራ ነበር፤ ብሬን የበላው ከኔትወርኩ የሚያገናኘው ዕቃ ነው።

መጀመሪያ ዩኤስቢ ሞደም፣ ሲም ገብቶበት ኮምፒውተር ላይ የሚሰካውን ገዛሁ። ታይዋን ገበያ አንዱን 2,400 ብር አሉኝ፣ ተከራክሬ ሁለቱን በ4,500 ወሰድኩ። የታወቀ ስም ተለጥፎበታል፤ በሁለተኛው ቀን ግን ተለጣፊው በድሬ ሙቀት ተላጠ። አንደኛው ለዳታ ብቻ ነው፣ ኤስኤምኤስ ላክ ሲሉት ኤረር ይመልሳል። አይኤምኢአይ ቁጥራቸውን (እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ሊኖረው የሚገባውን መለያ) ሳወጣው ደግሞ የሁለቱም 15 ዲጂት አንድ ዓይነት! አቦ፣ መንታ እንኳ የየራሱ ስም አለው። ሻጩ ጋ ብመለስ «ሲምህ ነው» ብሎኝ አረፈው። ደህናውን ሞደም ብታገኙ እንኳ ቀኑን ሙሉ የበራ ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

አሁን የሚሠራልን መስታወቱ የተሰነጠቀ አሮጌ አንድሮይድ ነው። ስልኩ 2,000፣ ባትሪ ማስቀየሪያ 600፣ በቃ። የኤስኤምኤስ ጌትዌይ አፕ ጫንኩበት፤ ዌብ አፑ ቁጥሩንና ጽሑፉን ይሰጠዋል፣ ስልኩ በሲሙ ይልካል። መብራት ቢጠፋም በባትሪውና በዳታው ይቀጥላል። ደንበኛ መልሶ ቢደውል እህቴ ታነሳለች፤ ሞደም ቢሆን ማን ያነሳል? ሁለት ሲም የሚይዝ ፈልጉ። ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ሙከራውን እዚሁ ድሬ ከጀመረ ወዲህ አማራጭ አለ፤ አንዱ ኔትወርክ ሲያስቸግር በሌላው ይላካል። ጣጣው አንድሮይድ አንድ አፕ በ30 ደቂቃ ከ30 መልእክት በላይ ሲልክ ቆም ብሎ ፈቃድ መጠየቁ ነው። ለስፌት ቤት ግን ምን ሲደረግ 30 ቀሚስ በግማሽ ሰዓት ያልቃል? ቀን ከሌት ቻርጀር ላይ አትተዉት ብቻ፤ የእኔ የመጀመሪያው ባትሪ እንደዚያ አብጦ ክዳኑን ከፈተው።

ለአባይ ግድብ እንዳዋጣንበት 8100 ዓይነት አጭር ቁጥር የሚያምራችሁም አላችሁ። ውሉ፣ ክፍያው፣ ምልልሱ… በቀን ሺህ መልእክት ካልላካችሁ እርሱት።

የትኛውንም ብትይዙ ፊደል ቁጠሩ። በእንግሊዝኛ 160 የሚይዘው ኤስኤምኤስ በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ ነው የሚይዘው። እህቴ ሰላምታና ምርቃት ጨምራ 84 ስታደርሰው ለእያንዳንዱ ደንበኛ የሁለት መልእክት ሂሳብ ተቆረጠብን። አሁን «ቀሚስዎ አልቋል። መጥተው ይውሰዱ።» ነው የሚለው፤ ክፍት ቦታውም አራት ነጥቡም ተቆጥሮ 21። ምርቃቱን ሲመጡ በቃሏ ትመርቃቸዋለች።